የመጀመሪያው ውጤት የት ገባ

አንድ ዕቃ ስትጠግኑ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ሁለተኛ ሲሞከር እሺ ካለ ምን ታደርጋላችሁ? ደስ ይላችኋል፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ትሄዳላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የምነግራችሁ እንደዚያ መሆኔን ስላቆምኩባቸው አራት ቀናት ነው። ስለ ኮምፒውተር የምታውቁት ነገር ባይኖር ግድ የለም፤ የሚያስፈልገውን እያስረዳኋችሁ እሄዳለሁ፤ ማስረዳት ዱሮም እወዳለሁ።

ገንዳ ውሃ ላይ የኮምፒውተርና የፕሪንተር መጠገኛ ቤት አለኝ። ሰው "ኢንጂነር" እያለ ይጠራኛል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለማሾፍ። ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ይቀረኝ ነበር። ጎንደር ተምሬ ስመለስ፣ በዚህ ቆላ ስለ ከርነል የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከርነል ማለት የኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ ፕሮግራም ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው መስመር እንደሚጣራ፣ ማን የቱን ቦታ እንደሚይዝ የሚደለድለው እሱ ነው። ድልድሉ ሲዛባ ማቃናት ደስ ይለኛል። ካቃናሁ በኋላ ደግሞ ለሰው ሁሉ አወራለሁ።

ወሬዬን ከሚታገሡኝ ሰዎች አንዱ ጀማል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደግን ነን። አባቱ መተማ ዮሐንስ ሱቅ አላቸው፤ እሱ ግን ንግዱን ትቶ የላቦራቶሪ ሙያ ተማረና እዚሁ ገንዳ ውሃ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠረ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም።

ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማችን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር በመጣ ሠራተኛ ይሞላል። ለሥራ ወርዶ በየእርሻው ካምፕ የሚከርመውን ሰው እኛ ሳሉግ እንለዋለን። ሳሉግ ሲታመም በመጀመሪያ ይደብቃል፤ ሲብስበት ሁለት ሦስት ሆነው ተደጋግፈው ወደ ከተማ ይመጣሉ። ወረፋ ላይ ያላቸው ልማድ ደስ ይል ነበር። ውሃ ሊገዛ ወይም ጥላ ሊፈልግ የሚነሳ ሰው ኮንጎ ጫማውን አንዷን አግዳሚው ላይ ትቶ ይሄዳል። ስሙ ሲጠራ አጠገቡ ያለው "አለ" ይልለታል። ያችን ጫማ ገፍቶ የሚቀመጥ ሰው አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ አስጠሩኝ። የኩላሊትና የጉበት ምርመራ የሚሠራው ማሽን አሮጌ ነበር። እሱን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ካርድ ከማሽኑም ይልቅ ያረጀ ነው። የኮምፒውተሩ ዲስክ መንኮሻኮሽ ጀምሮ ነበር።

"ዲስኩን ቀይርልኝ፤ ውጤቱም እኔ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር እንዲታየኝ አድርግ" አሉኝ ዶክተሩ። "ሕመምተኛ ስለሚጠብቅ ቶሎ ጨርስ።"

"አይጨነቁ ዶክተር፣ እስከ አራት ሰዓት ይደርሳል" አልኳቸው።

አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ሲስተም፣ ውጤቱን ወደ ዶክተሩ ክፍል የሚልክ አንድ የኔትወርክ ካርድ አስገባሁ። ከዚያ ጀማል ለመሞከሪያ የሚሆነውን፣ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን የጤነኛ ሰው ናሙና ማሽኑ ውስጥ ጨመረ። ማሽኑ አንጎራጎረ፣ ጨረሰ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አልመጣም።

ጀማል አየኝ። እኔ ፈገግ አልኩ፤ ምክንያቱ ወዲያው ገብቶኛላ። አዳዲስ ካርዶች ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ስማቸውንና የሚፈልጉትን መስመር ለከርነሉ ይናገራሉ፤ ሌላ ቦታ ያዙ ቢባሉም ይይዛሉ። አሮጌው ካርድ ግን አይናገርም። የሚጣራበት መስመር አምስት ቁጥር ነው፤ ይኸም የተወሰነው ካርዱ ላይ በተሰካች ጥፍር የምታክል ቁራጭ ነው። ከርነሉ ይህችን ሊያያት አይችልም። ካልነገሩት አምስት ቁጥርን ባዶ ነው ብሎ ለአዲስ መጪ ይሰጠዋል። ለኔትወርኩ ካርድ ሰጥቶታል። ማሽኑ "ውጤት ደርሷል፣ ና ውሰድ" ብሎ ሲጣራ የሰማው የለም።

"በድሮው ዲስክ ላይ አንድ ሰው አምስት ቁጥር የተያዘ ነው ብሎ ጽፎ ነበር ማለት ነው" አልኩት ጀማልን። "እኔ ሳላየው አጠፋሁት።"

"እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?"

"ጫማ አስቀምጥለታለሁ" ብዬ ወደ ወረፋው አሳየሁት። ጀማል ሳቀ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ በሚያነበው ትእዛዝ ላይ አምስት ቁጥርን ለማንም እንዳትሰጥ የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩና አጥፍቼ አስነሳሁት። ማሽኑን ግን አላጠፋነውም፤ ከጠፋ እንደገና እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰው እየጠበቀ ነው። ጀማል ያንኑ የመሞከሪያ ናሙና ደገመው። ማሽኑ አንጎራጎረ፣ ጨረሰ፣ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ልክ መሆን እንዳለበት ነበር።

"ሠራ" አልኩ።

"ኸላስ" አለ ጀማል፤ ድንበር ያደጉ ሰዎች ነገር ሲያልቅ እንደዚያ ነው የሚሉት። ሁለታችንም የመጀመሪያው ውጤት የት እንደገባ አልጠየቅንም።

ከወረፋው አንደኛ ሆኖ የገባው ይበልጣል የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር። ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ከኮኪት ወዲያ ካለ እርሻ ነው የመጣው። ፊቱ ትንሽ አባብጧል፤ ወገቡን ይዞ ነው የሚራመደው። ደሙን ሲሰጥ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር፤ ማሽኑን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ይኸ ነገር የውስጤን ያያል?"

"ካንተ በላይ ነው የሚያውቅህ" አልኩት።

አንዳንድ ጊዜ መንገድ ላይ እየሄድኩ ይህች መልሴ ትመጣብኛለች። ስትመጣብኝ ቆሜ የሚያልፈውን ባጃጅ ለማየት እሞክራለሁ።

ውጤቱ ወጣ፤ ሁሉም ደህና ይላል። ዶክተሩ ከባድ ሥራና ሙቀት ነው ብለው የወገብ ማስታገሻ መርፌ አስወጉት፣ ክኒንም አዘዙለት። ይበልጣል ወረቀቱን ለምኖ ተቀበለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ስልክ ስላልነበረው መዝገቡ ላይ የተጻፈው የካምፑ ስም ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥላ የገባችው ወይዘሮ ዘሃራ የምትባል የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ ናት፤ እኔ ያን ጊዜ ሱቄ ገብቼ ነበር። የእሷ ውጤት ኩላሊትሽ ተጎድቷል፣ ዛሬውኑ ጎንደር ሂጂ የሚል ሆነ። እያለቀሰች ሄደች።

ሐሙስ ከቀትር በፊት ጀማል ደወለልኝ። "አንድ ጊዜ ና" አለኝ፤ ድምፁ ደስ አይልም።

ስደርስ ዶክተሩም ላቦራቶሪው ውስጥ ቆመዋል። ወይዘሮ ዘሃራ ከጎንደር ደውላ ነበር። ሁለት ቦታ ተመርምራ ኩላሊቷ አንድም ነገር የለበትም ተብላለች፤ ስትራገም ድምፅ ማጉያ አያስፈልጋትም ነበር አለኝ ጀማል።

"ማሽኑ ይሆን?" አሉ ዶክተሩ።

ማሽኑ ማለት እኔ ነኝ። ወዲያው ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመርኩ፤ ለማግኘትም አልተቸገርኩም።

"ዶክተር፣ እነዚህ ሳሉጎች እኮ አንዱ በአንዱ ስም አለ ይላሉ" አልኩ። "ስም ሲጠራ ሌላው ገብቶ ደም ሰጥቶ ይሆናል። ማሽኑን ማክሰኞ በዓይናችን አይተነዋል። የተለዋወጠው ሰው ነው።"

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው፣ "ዘሃራ ግን ሳሉግ አይደለችም። እኔ ራሴ ነኝ ያስገባኋት" አሉ።

ጀማል ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳይል፣ "ከማክሰኞ ወዲህ አንድም ቀን ማሽኑን አላጠፋሁትም" አለ። ያንን የተናገረው ለእኔ አይመስልም ነበር፤ እኔ ግን ኮምፒውተሩን ስናስነሳ ማሽኑን እንዳላጠፋነው ትዝ አለኝ።

"ንጹህ ውሃ ጨምርበት" አልኩት።

ጨመረ። ማሽኑ አንጎራጎረ፣ ጨረሰ። ውሃ ዜሮ ነው ማሳየት ያለበት። ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ውጤት ነው። ጀማል መዝገቡን አየ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ደም የሰጡ፣ ቆዳቸው ቢጫ የሆነ አንድ ሽማግሌ ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ለእሳቸው የተሰጣቸው ወረቀት ደህና ነዎት የሚል ነው።

"ድገመው" አልኩ። ሁለተኛ ውሃ ጨመረ። ዜሮ መጣ።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። ማክሰኞ ማሽኑ ተጣርቶ ማንም ያልሰማው የመጀመሪያ ውጤት አልጠፋም፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ወሳጁን ይጠብቅ ነበር። ሁለተኛውን ናሙና ስንሰጠው መስመሩ ስለተስተካከለ ጥሪው ተሰማ፤ ኮምፒውተሩም ሄዶ አንድ ውጤት አመጣ። ያመጣው ግን ቀድሞ የተቀመጠውን ነው። ሁለቱም የአንድ ናሙና ውጤት ስለሆኑ ልዩነቱ አልታየንም። ከዚያ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የተቀበለው ከእሱ በፊት የነበረውን ሰው ውጤት ነው። አንደኛ የገባው የመሞከሪያውን ወሰደ። የእሱ ለዘሃራ ደረሳት።

"አንደኛ የገባው ማን ነበር?" አሉ ዶክተሩ። መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ከማክሰኞ ወዲህ የተመረመሩትን በሙሉ ስንጠራ ዋልን። አብዛኞቹ ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ ሽማግሌውም ደጅ ስለነበሩ ወዲያው ጎንደር ተላኩ። ኮኪት መስመር ላይ ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ሞተር ስናፈላልግ መሸ፤ በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጣን።

ዓርብ ማለዳ ጀማልና እኔ በአንድ ሞተር ወጣን። ዶክተሩ ለጎንደር ሆስፒታል የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፉልንና፣ "መኪና አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፤ ብቻ በሕይወት አምጡት" አሉን። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ልጁን ሳገኘው ምን እንደምለው ነበር የማስበው። ይቅርታ የምለው መጀመሪያ ነው ወይስ መኪና ላይ ካወጣነው በኋላ? እንደዚህ ያለ ነገር እያሰብኩ ሄድኩ።

ካምፑ ስንደርስ ፀሐዩ ከርሯል። የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ እየሆነ፣ እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሟል፤ ይህን ክምር ሂላ እንለዋለን። ሠራተኞቹ ግን እርሻው ላይ አይደሉም፤ ዳሱ ሥር ተቀምጠዋል። በአጨዳ ሰሞን በዚያ ሰዓት የሚቀመጥ የለም። ጀማል ሞተሩን አጥፍቶ አልወረደም።

"ይበልጣልን ፈልገን ነበር" አልኩ።

አንድ ቀጭን ልጅ ተነሳ። ማክሰኞ ክሊኒኩ ድረስ ደግፎ ያመጣው እሱ ነው፤ አንዷለም ይባላል፤ ያንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው።

"ምን ሊያደርግላችሁ?"

"ከክሊኒኩ ነው የመጣነው። እንደገና መታየት አለበት።"

"ዛሬ ጥዋት ቀበርነው" አለኝ።

ጀማል "ኢና ሊላሂ" ሲል ሰማሁት። እኔ ቆምኩ። መቀመጥ እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ግን መቀመጥ የሚገባኝ ሰው አልመሰለኝም።

አንዷለም ሳንጠይቀው ይናገር ጀመር። "ማክሰኞ ማታ ስንመለስ ወረቀቱን አነበብኩለት። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ደህና የምትለዋን አውቃታለሁ። ሁሉም ደህና ይላል አልኩት። ሰዉ ሳቀበት። ሥራ ጠልቶ ነው አሉ፤ እኔም ስቄበታለሁ። ረቡዕ ተነሥቶ ሲያጭድ ዋለ። ከሰዓት አስመለሰው። አስመስሎ ነው አልን። ትናንት መነሣት አቃተኝ ሲለኝ፣ ተው እንጂ አንተ ሰው፣ ወረቀትህ ደህና ይላል እኮ አልኩት። እኔ ነኝ እጁን ስቤ ያስነሣሁት። ማጭዱን ይዞ እስከዚያ ሂላ ድረስ ሄደ።" በእጁ አሳየን። "ቀትር ላይ እዚያው ወደቀ።"

ሐሙስ ቀትር እኔ ዶክተሩ ፊት ቆሜ የተለዋወጠው ሰው ነው እያልኩ ነበር። ይህን ማስላት አልፈለግሁም፤ ራሱ ተሰላብኝ።

አንዷለም ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። "ልብሱን ስናጥፍ አገኘሁት። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ይኸ ወረቀት ምን ይላል? እኔ ነኝ ያሳሳትኩት? ሌላ ነገር ይል ነበር?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ እፈልጋለሁ። ለአንድ አፍታ፣ አዎ በደንብ አላነበብከውም ብዬ ብነግረው እንደሚያምነኝ አሰብኩ። ሐሳቡ መጥቶብኝ ነበር። ጀማል ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

"በትክክል ነው ያነበብከው" አልኩት። "ወረቀቱ ግን የእሱ አይደለም። ማሽኑን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። የእያንዳንዱ ሰው ውጤት ለሚቀጥለው እንዲሄድ ያደረገ ስሕተት ሠርቻለሁ። ይበልጣል ታሞ ነበር። በጣም ታሞ ነበር።"

አንዷለም ወረቀቱን አገላብጦ አየው፤ በጀርባው የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል።

"እና የሱ የታል?"

"ለአንዲት ሴት ደረሳት። ጎንደር ሄዳ ተመረመረች።"

"ዳነች?"

"ድሮም አልታመመችም።"

ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈው። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "እንዲያው ታዲያ የሱ ሕመም ለማንም አልተነገረም ማለት ነዋ" አለ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ወይ በዱላ ቢመታኝ ያን ቀን እንደ ውለታ እቆጥርለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዶክተሩ ነገሩን ለሚመለከተው አካል አሳወቁ፤ እኔም የሠራሁትን በጽሑፍ ሰጠሁ። ማሽኑ ከሥራ ወጣ። ሐኪሞች ቀድሞ ቢታወቅም ይተርፍ ነበር ብለን በእርግጠኝነት አንናገርም አሉ። ይህ አባባል ለማጽናናት ነው፤ እኔን ግን አያጽናናኝም፤ ምክንያቱም ያንን ኩላሊት የሚጎዳ ማስታገሻ የተወጋውና ያን ፀሐይ ተሸክሞ ሁለት ቀን የዋለው እኔ ያዛባሁት ውጤት በእጁ ስለነበረ ነው። ጀማል ሙያውን አልተወም። አሁንም ጓደኛሞች ነን፤ "ኸላስ" ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም።

እኔም ጥገናውን አልተውኩም። ሰው ተው ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ማንም አላለኝም። አሁን አንድ ዕቃ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ሁለተኛ እሺ ካለ ለባለቤቱ አላስረክብም። የመጀመሪያው የት እንደገባ እስካገኘው አስቀምጠዋለሁ። ደንበኛ ያማርራል፤ "ሠርቶ የለም እንዴ፣ ምን ትጠብቃለህ?" ይለኛል። የምጠብቀውን አልነግረውም። እናንተም ምንም ዓይነት ሙያ ይኑራችሁ፣ ነገር ሳይሳካ ቀርቶ ድንገት ሲሳካላችሁ፣ ደስታችሁን ትንሽ አቆዩት። አንድ ሰው ወረፋ ላይ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ሕዝብ ፊት ለመናገር የማፍረው አንድ ነገር ይቀረኛል። ያን ዓርብ ከካምፑ ስንመለስ አንዷለም እስከ ኮኪት አብሮን መጣ። ኔትወርክ መጥቶ ነበር። ለይበልጣል እናት ገና አልተነገራቸውም፤ የጎረቤታቸውን ስልክ እሱ ያውቀዋል። ደወለና ድምፃቸውን ሲሰማ አንደበቱ ተያዘ። ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ። "አንተ ንገራቸው" አለኝ።

ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደሠራሁ፣ ልጃቸው በምን እንደሞተ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ብቻ ይሰማኛል። ስለ ማሽኑ አልጠየቁኝም። ስለ እኔም አልጠየቁኝም።

"ልጄ" አሉኝ። "የኔ ልጅ ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ አመመኝ ብሎ አያውቅም። መቼም ጭንቅ ቢሆንበት ነው የተናገረ። ሲናገር አመኑት?"

አንዷለም አጠገቤ ቆሞ ነበር። ድምፃቸው ለእሱም ይሰማዋል። አየሁት፤ መሬቱን ነበር የሚያየው።

"አዎ እማማ" አልኳቸው። "ሁላችንም አምነነዋል።"

"እሰይ" አሉ፤ ከዚያ ነው ማልቀስ የጀመሩት።